ቁልፉ፣ ደብተሩና መታወቂያው

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በአያትና በሰሚት ትልልቅ ግቢዎች ውስጥ በባለቤቱና በሠራተኞቹ መካከል የሚቆም አንድ ሰው አለ። አንዳንዱ ቤት «አስተዳዳሪ» ይለዋል፣ ሌላው «ሃውስ ማናጀር»፣ ሌላው ዝም ብሎ በስሙ ይጠራዋል። ስለ ቤት ሠራተኛ ሲወራ ይህ ሰው ይረሳል፤ የሠራተኛዋ ኑሮ የሚሻለውም የሚከፋውም ግን በአብዛኛው በእሱ እጅ ነው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሴቶች በዚህ ሥራ ካለፉ ሰዎች ወግ ቀምሬ የጻፍኳቸው ናቸው። አንደኛዋ ዕድሜያቸውን ቦሌ ውስጥ የሰው ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ሌላዋ ሆቴል የሠራች ወጣት ናት፤ ሰሚት አንድ ቤት እንድታስተዳድር ተጠይቃ ምክራቸውን ፈልጋ መጥታለች።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ አልነገሩኝም። ባለቤቶቹ የዓመቱን ግማሽ አሜሪካ ናቸው። «ቤቱን ያዢልን» ነው ያሉኝ።

እትዬ፦ ግቢው ውስጥ ማን ማን አለ?

ወጣቷ፦ ምግብ ሠሪ፣ ሞግዚት፣ ሾፌር፣ ሁለት ዘበኞች። ልብስ የምታጥብ ተመላላሽም አለች። አያትየውም እዚያው ናቸው፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል።

እትዬ፦ ስድስት ሠራተኛና አንድ ታማሚ። ቤቱን ለጊዜው ተይውና እነሱን እናስቀድም። ደመወዛቸውን ማን ነው የሚከፍለው? በስንት ቀኑ? አንዷ ብትታመም ማን ያሳክማታል? እሑድ ማን ይወጣል? መታወቂያቸውስ የት ነው ያለው?

ወጣቷ፦ መታወቂያቸው እመቤቲቱ ካዝና ውስጥ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለጥንቃቄ ነው አሉ።

እትዬ፦ እሱን ቆይተን እናነሳዋለን። መጀመሪያ ደብተር ግዢ። ትልቁን፣ ጠንካራ ልባስ ያለውን።

ወጣቷ፦ ስልኬ ላይ በኤክሴል ልይዘው አስቤ ነበር።

እትዬ፦ ለባለቤቶቹ በኤክሴል ላኪላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ደብተሩ ለምግብ ሠሪዋ ነው። አስቤዛ ስትገዛ ራሷ ትጻፍበት፣ ራሷ ትፈርምበት። እኔ ብቻዬን የምጽፍ ከሆነ አንድ ቀን ሒሳቡ ሲጎድል ማን እንዳጎደለው አይታወቅም፤ ሁለታችንም ስማችን ይጠፋል። ጽሕፈት የማትችል ከሆነች ደግሞ ማታ ማታ ሒሳቡን ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ደረሰኝ ያለውን ለጥፊው። ከጉሊት የተገዛ ሽንኩርትና ጎመን ደረሰኝ የለውም፤ ለዚያ ዋጋውን አንቺ ራስሽ ማወቅ አለብሽ። በሳምንት አንድ ቀን ሾላ ገበያ አብረሻት ውረጂ።

ወጣቷ፦ እንዳትሰርቅ ልከታተላት ነው?

እትዬ፦ አንቺ ዋጋ ባለማወቅሽ እሷ ሌባ እንዳትባል ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ የልጆቹ ወተትም ዋጋው ሌላ ሆነ። ባለቤቶቹ አሜሪካ ተቀምጠው የሚያስቡት የዱሮውን ዋጋ ነው። «ለምን ጨመረ?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሌላት አስተዳዳሪ ጥርጣሬውን ወደ ወጥ ቤት ትገፋዋለች። ስንት ምስኪን ልጅ በዚህ ምክንያት ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች መሰለሽ!

ጤፉም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ኪሎ ዱቄት መዝነሽ አስጋግሪና የወጣውን እንጀራ ቁጠሪ። ዱቄቱም፣ ምጣዱም፣ የጋጋሪዋም እጅ በየቤቱ ስለሚለያይ የሌላ ቤት ቁጥር አይሠራልሽም። ከዚያ በኋላ ኩንታሉ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። «ጤፍ አልቋል» ስትልሽ ፊትሽ አይለዋወጥባትም።

ወጣቷ፦ ይሄን ሆቴል ውስጥ «ስቶር ኮንትሮል» ብለን ነበር የምንሠራው። ያው ነው።

እትዬ፦ ያው ነው፤ ግን ሆቴል በርበሬ አያዘጋጅም። እዚህ ዛላውን ገዝተሽ፣ አስቀንጥሰሽ፣ አሳጥበሽ፣ አስደልዘሽ፣ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ነው የምታስፈጪው፤ ሠራተኛም ለዚያ ሥራ ለብቻ ትጨምሪያለሽ። ክረምት ከገባ ሻጋታ ይበላዋል። ጤፍም አዲሱ ምርት ሲገባ ታኅሣሥና ጥር ላይ ቢገዛ ይሻላል። ገንዘቡን ባለቤቶቹ ቀድመው እንዲልኩ ከኅዳር ጀምረሽ አስታውሻቸው።

ውሃ በፈረቃ አይደል? የሚመጣበትን ቀን ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፊ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ተነስቶ ሮቶውን የሚሞላው ዘበኛው ነው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሲያንጎላጅ ብታገኚው አትቆጪው። ዲናሞውንም አንድ ሰው ብቻ ይክፈተው፤ የታችኛው ታንከር ባዶ ሳለ ከተከፈተ ይቃጠላል፤ ከዚያ ሁሉም «እኔ አልነካሁም» ይላል።

ወጣቷ፦ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቀየሙኝ። ሥራውን ለእናቴ ስነግራት «ተምረሽ ተምረሽ የሰው ጓዳ ልትገቢ?» አለችኝ። አለቀሰች።

እትዬ፦ ለምን እቀየማለሁ፣ ልጄ? እናትሽ ያለቀሰችው በደንብ የምታውቀውን ነገር አስታውሳ ነው። የሰው ቤት አገልግሎት በአገራችን ከባርነት ጋር ተጎራብቶ የኖረ ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ነው፤ ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች ናቸው እኛን ያሳደጉን። ጌታውን፣ ገረዷንና አሽከሩን እናትሽ ከወላጆቿ ሰምታለች።

ቤት ማስተዳደር ግን የሹመት ሥራ ሆኖም ያውቃል። መጀመሪያ የሠራሁባቸው ሰዎች መደርደሪያ ላይ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ነበር፤ 1942 የታተመው። የቤተ መንግሥቱ ሥራ ክፍል በክፍል ተጽፎበታል። ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከጦርና ከፍርድ ሚኒስትሮቹ ጋር የግቢ ሚኒስትርም ሾመዋል፤ አዛዥ መታፈሪያን። በየመኳንንቱ ቤትም አዛዥ ነበር። ወጥ ቤቱን፣ እንጀራ ቤቱን፣ ጠጅ ቤቱን ማሳደር፣ ግብር ሲገባ የሰዉን ብዛትና የሚቀርበውን ማመዛዘን ቀላል ሥራ አልነበረም።

ወጣቷ፦ ይሄን ለእናቴ እነግራታለሁ።

እትዬ፦ ስትነግሪያት ግማሹን ብቻ እንዳትነግሪያት። ክብሩ ለአዛዡ ነበር። እህል ፈጪዋን፣ ውሃ ቀጂዋን፣ እንጨት ለቃሚዋን በስም የሚያውቃቸው የለም። ዛሬም አስተዳዳሪ የሚባለው ሰው ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁልፍ ይዞ እንደ ትንሽ ጌታ ሲንጎራደድ አያለሁ፤ ያመኛል። አንቺን የምመክርሽ እንዲህ ሆነሽ እንዳትቀሪ ነው።

ወጣቷ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሕጉ ነው። አንብቤዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም። ስለነሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ይላል። ከሱ በፊት የነበረው 377/1996ም ይህንኑ ነበር የሚለው። ስለዚህ ምግብ ሠሪዋ ስትባረር የሥራ ክርክር ችሎት ሄዳ አዋጁን መጥቀስ አትችልም። የሚቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከ2601 ጀምሮ ያሉት ጥቂት አንቀጾች። አሠሪው ቤቱ ለምታድር ሠራተኛ ስለ መኝታዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ክብሯን የሚጠብቅ ዝግጅት ያድርግ ይላል፤ ስትታመምም እንዲያስታምማት ያዛል።

እትዬ፦ ጥሩ አንቀጽ ነው። ስንት ሰው ያውቀዋል?

ወጣቷ፦ የሚያውቀው የለም። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው ከአዋጁ የምወጣው፤ አንድም የሰው ቤት ስለምሠራ፣ አንድም አዋጁ የሥራ መሪን ስለማይመለከት።

እትዬ፦ ታዲያ ምን አሰብሽ?

ወጣቷ፦ ውል መጻፍ። አዋጁ ለፋብሪካ ሠራተኛ የሰጠውን እየገለበጥን በስምምነት እንጻፍላቸው። በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ በዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለወላድ 120 ቀን። እንዳንጽፍ የሚከለክል ሕግ የለም። ፊሊፒንስን ይመልከቱ፤ እንደኛው ልጆቿን ዓረብ አገር የምትልክ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን በገዛ አገሯ ለሚሠሩት የጽሑፍ ውልና የሳምንት ዕረፍት የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

እትዬ፦ የሳምንት ዕረፍቱን ይቀበሉሻል። 120 ቀኑን ሲያዩ ይደነግጣሉ።

ወጣቷ፦ ልተወው?

እትዬ፦ አትተዪው! ሆዷን በነጠላ እየሸፈነች፣ ሰባት ወር እስኪሆናት ድረስ ምጣድ ላይ የቆመች ልጅ አይቻለሁ። ብትናገር እንደምትባረር ታውቃለች። ጭሱ ያስላታል፣ ዞር ብላ ግድግዳውን ትይዛለች፣ ተመልሳ አክንባሎውን ታነሳለች። ማንም አልጠየቃትም። እኔም ያኔ ልብስ አጣቢ ስለነበርኩ የምናገርበት አቅም አልነበረኝም። አንቺ ግን አለሽ፤ ጻፊው። ሙሉ ደመወዝ የከበዳቸው እንደሆነ በሌላው ተደራደሪ፤ ሥራዋን እንደማታጣ ግን በወረቀት ይስፈር።

ወጣቷ፦ እኔን የሚቀጥሩኝ እኮ ባለቤቶቹ ናቸው። ለሠራተኞቹ ስከራከር «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አይሉኝም?

እትዬ፦ ይሉሻል። ሒሳቡን አሳዪያቸው። ሞግዚት በየሦስት ወሩ ስትቀያየር የደላላው አለ፣ አዲሷን ማለማመዱ አለ፣ ከሁሉም በላይ ልጁ አለ። የለመዳት ሞግዚት አንድ ቀን ጠዋት ስትጠፋበት ልጅ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ፤ እህል አልቀምስም ይላል። ባለቤቶች «የዘንድሮ ሠራተኛ አይበረክትም» ብለው ያማርራሉ። ደላላው የሚበላው በየቅጥሩ ነው፤ ልጅቱ አንድ ቤት ሁለት ዓመት ከተቀመጠች ለሱ ኪሳራ ናት። ስለዚህ ስልኳን ይዞ «ከዚያ የተሻለ አግኝቼልሻለሁ» ይላታል። ጭማሪዋ መቼና ስንት እንደሆነ በውሏ ላይ ከተጻፈ ግን እሱን የምትሰማበት ምክንያት ያንሳል።

ወጣቷ፦ ካዝናውን እናነሳዋለን ብለው ነበር።

እትዬ፦ እሱን ነው የማልታገሠው። ጅዳና ቤይሩት ያሉ ልጆቻችን ፓስፖርታቸውን ሲቀሙ እናለቅሳለን፤ በ2006 መንግሥት ለቤት ሥራ የሚደረገውን ጉዞ እስከማገድ ደርሶ ነበር። እዚሁ ሰሚት ግን ከገጠር የመጣችውን ልጅ መታወቂያ ቆልፈን እንቅልፋችንን እንተኛለን። እዚያ ግፍ ያልነው እዚህ ጥንቃቄ ሊሆን አይችልም።

ወጣቷ፦ እመቤቲቱ ወርቅ አላቸው እኮ። ብትሰርቅና ብትጠፋስ? እሳቸውም ከመሬት ተነስተው አይደለም የፈሩት፤ ጎረቤታቸው ተዘርፈዋል።

እትዬ፦ ፍርሃታቸውን አልንቅም። ፎቶ ኮፒውን ያዢ፤ ፋይዳ ካላት ቁጥሩን መዝግቢ። ተያዥ ጠይቂ፤ ግን ተያዡን ቤቱ ድረስ ሄደሽ እዪው። ደላላው ይዞት የሚመጣው ተያዥ ብዙ ጊዜ የደላላው የራሱ ሰው ነው፤ ነገር ሲመጣ ስልኩ ዝግ ነው። ወርቁን እመቤቲቱ ራሳቸው ቆጥረው ይቆልፉት። አንቺም የካዝና ቁልፍ አትቀበይ። የጓዳውን፣ የመጋዘኑን፣ የግቢውን በር ተቀበይ፤ እሱንም ዕቃውን በዝርዝር ቆጥረሽ፣ ተፈራርመሽ ነው።

መታወቂያ የሌላት ልጅ ምን እንደምትሆን አስቢ። ባንክ ሄዳ ደብተር አታወጣም፣ ሲም ካርድም ቴሌብርም በስሟ አይኖራትም። ስለዚህ ደመወዟን እመቤቲቱ ያስቀምጡላታል፤ «ስትሄጂ አንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ይሏታል። መታወቂያዋና ደመወዟ አንድ ካዝና ከገቡ ልጅቱ በየትኛው በር ትወጣለች? በሌላ ነገር ሁሉ ታገሺ፣ ቀስ በቀስ አምጪው። በሁለት ነገር ግን አትደራደሪ፤ መታወቂያዋ በእጇ ይሁን፣ ደመወዟም በቀኑ በስሟ ይግባ። እምቢ ካሉሽ ሥራውን አትቀበዪው።

ወጣቷ፦ ደመወዙ የሚቀርብኝ ነገር አይደለም፣ እትዬ።

እትዬ፦ አውቃለሁ። ግን ነገ ልጅቱ «መታወቂያዬን ስጡኝ» ብላ በር ላይ ስትቆም እምቢ የምትያት አንቺ ነሽ፤ እነሱ አሜሪካ ናቸው።

ወጣቷ፦ ሞግዚቷ ሙስሊም ናት። የተለየ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

እትዬ፦ አዎ፤ ብዙ ቤት የማያስበው ነገር። በፋሲካ በግ ታርዶ ግቢው ሁሉ ሲበላ እሷ ሽሮ ይዛ ጥግ ትቀመጣለች፤ የክርስቲያን እርድ አትበላምና። ከሙስሊም ሥጋ ቤት አንድ ሁለት ኪሎ ለብቻ አስመጪላት፣ ድስቷንም ለዪላት። ወጪው ያን ቤት የሚያጎድለው አይደለም። በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያ ሰዓቷ ላይ ልጅ የሚይዝላት ሰው መድቢ። ምግብ ሠሪዋስ ትጾማለች?

ወጣቷ፦ አጥባቂ ናት፤ ረቡዕና ዓርብ ሁሉ።

እትዬ፦ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ለልጆቹ የሥጋ ወጥ ስትሠራ መቅመስ አትችልም። ጨው የምትቀምሺላት አንቺ ነሽ፤ አንቺም የምትጾሚ ከሆነ ሾፌሩ ይቅመስ። ወጡ ባይጥም ባለቤቶቹ በእሷ እንዳይፈርዱ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሠራተኞቹ ምን እንደሚበሉም ጠይቂ። «የተረፈውን» የሚባልበት ቤት አለ። ድግስ ሲሆን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስኪያልፍ ቆመው ያስተናገዱ ሰዎች ከእንግዳ የተመለሰ ሳህን ላይ ሲበሉ አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ለእነሱ የሚበቃ ቀንሰሽ አስቀምጪ፤ ከዚያ ነው ቡፌው የሚደረደረው።

ወጣቷ፦ አያትየውስ? የሚያገላብጣቸው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እትዬ፦ ሞግዚቷ ከሆነች ሁለት ሥራ ነው የያዘችው። ልጅ ማሳደግና በሽተኛ ማስታመም አንድ ደመወዝ አይከፈልበትም። ወይ ይጨመርላት፣ ወይ አስታማሚ ይቀጠር። የሰው ገላ ማንሳት ወገብ ይሰብራል፤ እኔ ወገቤን ያጣሁት በዚያ ነው።

ወጣቷ፦ የሰው ገመና ሁሉ ዓይኔ ላይ ሊሆን ነው ማለት ነው።

እትዬ፦ ያያሽውን ለማንም አታውጪ፤ ለእኔም ቢሆን። ባልና ሚስት ቢጣሉ ያልሰማሽ ሁኚ። ልጅ ወይም ሠራተኛ ከተመታ ግን እሱ ገመና አይደለም፤ ዝም እንዳትዪ። ይሄንንም ከመቀጠርሽ በፊት በቃልሽ ንገሪያቸው፤ በኋላ ከዳችን እንዳይሉሽ።

ወጣቷ፦ የሚለቅ ሰው ሲኖርስ?

እትዬ፦ በሰላም የለቀቀን ሰው ያለ ወረቀት አታስወጪ። በ1950 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚህ ከተቋቋሙ ወዲህ የውጭ ሰው ቤት የሠሩ ምግብ ሠሪዎች የሥራ ምስክር ደብዳቤያቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ሲዞሩ ታያለሽ። ደብዳቤው ሌላ በር ከፍቶላቸዋል። የሐበሻ ቤት አሥር ዓመት ያገለገለች ግን ባዶ እጇን ትወጣለች፤ ቀጣዩ ቤት እንደ ጀማሪ ይቀጥራታል። ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ምን እንደምትችል ጽፈሽ ባለቤቶቹን አስፈርሚላት።

ወጣቷ፦ የራሴንስ ውል? የእነሱን ብቻ እኮ ነው ያወራነው።

እትዬ፦ መቅጠርና ማሰናበት የማን ሥልጣን እንደሆነ ይጻፍ። ባለቤቶቹ ከአሜሪካ በስልክ ሠራተኛ እያባረሩ አንቺን ተጠያቂ ማድረግ የለባቸውም። ሳታስፈቅጂ የምታወጪው ገንዘብ እስከ ስንት ብር እንደሆነ ይወሰን፤ ሌሊት ዲናሞ ቢቃጠል ወይም አያትየው ቢብስባቸው ስልክ እስኪነሳ አትጠብቂም። የሙከራ ጊዜ ካሉሽ አዋጁ ከሚያውቀው 60 የሥራ ቀን አይለፍ። ደመወዝ ስንት ልትጠይቂ አስበሻል?

ወጣቷ፦ ሆቴል አገኝ የነበረውን ያህል።

እትዬ፦ ሆቴል ስትሠሪ ማታ ሥራሽን ለተረኛው አስረክበሽ ቤትሽ ትገቢ ነበር። እዚህ የሚረከብሽ የለም። ጨምሪበት። የስልክና የትራንስፖርቱን ለይተሽ አስጽፊ፣ አንቺም የሳምንት ዕረፍትሽን እንዳትረሺ። የቤቱ ገንዘብ ደግሞ በአንቺ ሒሳብ አይግባ፤ ለቤቱ ወጪ ብቻ የሚሆን ሌላ አካውንት በእነሱ ስም ይክፈቱና ውክልና ይስጡሽ። እሱ ሳያልቅ ቁልፉን እንዳትረከቢ።